በትምህርት ለውጡ ላይ የርዕሰ መምህራንን አስተያየት መሰብሰብ፦ ከ«የግብዓት እጥረት አለ» እንዴት ይታለፋል?

ጎንደር ውስጥ ርዕሰ መምህራን ተሰብስበው ስለ ትምህርት ለውጡ ሲጠየቁ ቃለ ጉባኤው ላይ የሚሰፍረው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ለውጡ ጥሩ ነው፤ ሆኖም የግብዓት እጥረት፣ የግንዛቤ ማነስና የቅንጅት ጉድለት ይታያል።» ይህ ውሸት አይደለም። ግን ማንም መልስ ሊሰጥበት አይችልም። የትኛው ግብዓት? በየትኛው ክፍል? ከየትኛው ወር ጀምሮ? ማቅረብ የነበረበትስ ማን ነው? ባሕር ዳር፣ ክልሉ ትምህርት ቢሮ ውስጥ ሪፖርቱ የደረሰው ባለሙያ «ትኩረት ይሰጠው» ብሎ ከመፈረም ውጭ ምርጫ የለውም። ርዕሰ መምህሩም በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ይደግማል።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለጉድኝት (በአንድ አካባቢ ያሉ ትምህርት ቤቶች ስብስብ) ሱፐርቫይዘሮች፣ ለከተማው ትምህርት መምሪያና ለክፍለ ከተማ ባለሙያዎች፣ የመመረቂያ ጥናት ለሚሠሩና እርስ በርስ ተመካክረው አንድ ሰነድ ማውጣት ለሚፈልጉ ርዕሰ መምህራን ነው። ዓላማው አንድ ነው፦ የሚባለው ነገር ቀን፣ ክፍል፣ ማስረጃና መልስ ሰጪ አካል እንዲኖረው ማድረግ።

የትኛው ለውጥ?

«ለውጡ» እየተባለ በአንድ ስም የሚጠራው ነገር ቢያንስ አምስት ስድስት የተለያየ ሥራ ነው። የ1986ቱ ፖሊሲ በ2010 ለውይይት በቀረበው ፍኖተ ካርታ ተፈተሸ፤ አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በ2015 ጸደቀ። እርከኑ 6፣ 2፣ 4 ሆነ፦ አንደኛ ደረጃ እስከ 6ኛ፣ መካከለኛ ደረጃ 7ኛና 8ኛ፣ ሁለተኛ ደረጃ ከ9ኛ እስከ 12ኛ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀረ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2015 መጀመሪያ አንሥቶ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚፈተነው ሆነ። በዚህ ላይ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርትና መጻሕፍቱ፣ የመምህራንና የትምህርት አመራሩ የሙያ ፈቃድ ምዘና፣ የትምህርት ቤቶችን ደረጃ የሚመዝነው ኢንስፔክሽን እንዲሁም ሕዝቡ ትምህርት ቤቶችን እንዲያድስ የሚያስተባብረው «ትምህርት ለትውልድ» አሉ።

ለአንድ ውይይት ከእነዚህ ሁለት ብቻ ምረጡ። ሦስተኛ ከተጨመረ ሰዓቱ ያልቅና ሁሉም ላይ ላዩን ይነካል። ስትመርጡ መልሱ ከየት እንደሚመጣ አብራችሁ አስቡ። ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉት መጻሕፍትና የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተናዎች የክልል ጉዳይ ናቸው። የ9ኛ እስከ 12ኛ መጻሕፍት የትምህርት ሚኒስቴር፣ የ12ኛ ፈተና ደግሞ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ሥራ ነው። የመምህር ድልድልና ዝውውር፣ የክፍል ጥበት፣ የመጽሐፍ ከመጋዘን ወደ ትምህርት ቤት መጓጓዝ ግን እዚሁ ከተማው ውስጥ ሊያልቅ የሚችል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምታደርጉት ከሆነ ቢያንስ አንዱ ርዕስ ከተማው ውስጥ መልስ የሚያገኝ ይሁን። ርዕሰ መምህራን አንድ ጊዜ እንኳ የተናገሩት ነገር ሲፈጸም ካዩ ቀጣዩ ውይይት የተለየ ይሆናል።

ማንን መጠየቅ

ዕጣ ማውጣት ፍትሐዊ ይመስላል፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። ሴት ርዕሰ መምህራን ጥቂት ስለሆኑ ዕጣ ሲወጣ አንዲትም ላትገኝ ትችላለች፤ ከከተማው ዳር ያሉትም እንዲሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ዝርዝሩን በእነዚህ ለዩ፤ ከዚያ ከየምድቡ ምረጡ፦

– ከ1ኛ እስከ 6ኛ ብቻ የሚያስተምሩ፣ 7ኛና 8ኛንም በአንድ ግቢ የያዙ፣ ሁለተኛ ደረጃ፣ የግል።
– መሀል ከተማ ያሉ፣ አዘዞና ጠዳ አካባቢ ያሉ፣ ከከተማው ጋር የተጠቃለሉ የገጠር ቀበሌዎች ውስጥ ያሉ።
– ከ2015 በፊት ጀምሮ በኃላፊነት የነበሩና ከዚያ ወዲህ የተመደቡ። የቀድሞውን የማያውቅ ሰው «ምን ተለወጠ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሰማውን ነው የሚነግራችሁ።
– ምክትሎች፤ ለብቻቸው። የክፍለ ጊዜ ድልድሉንና የመምህራኑን ክፍተት በእጃቸው የያዙት እነሱ ናቸው፤ አለቃቸው አጠገብ ከተቀመጡ ግን አይናገሩም።

አንድ የውይይት ቡድን ከ7 እስከ 9 ሰው ይበቃዋል። ከ10 ካለፈ ሦስቱ ይናገራሉ፣ ቀሪው ይሰማል። ሁለት ወይም ሦስት ቡድንና ከ6 እስከ 8 የሚሆን የግል ቃለ መጠይቅ ለከተማው በቂ መነሻ ነው።

በአንድ ነገር ግን አትደራደሩ፦ የሥራ አፈጻጸማቸውን የሚሞላው ሰው ክፍሉ ውስጥ አይገኝም። ሱፐርቫይዘሩ ራሱ አወያይ መሆን ካለበት የሌላ ጉድኝት ርዕሰ መምህራንን ያወያይ፤ የእሱን ጉድኝት ደግሞ ሌላው ይያዝለት። ቅያሬው ምንም ወጪ የለውም። ሳይደረግ ሲቀር ግን ያ ሁሉ ድካም የምስጋና ቃለ ጉባኤ ሆኖ ያርፋል።

ደብዳቤው

ያለ ደብዳቤ ትምህርት ቤት አይገባም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ይዘቱ ነው። «አስፈላጊውን መረጃ እንዲሰጡ» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ርዕሰ መምህር የተማሪ ቁጥር በጾታ፣ የመጠነ ማቋረጥ ሠንጠረዥና የሩብ ዓመት ሪፖርት ይዞ ይመጣል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ የተጠየቀውን ነው ያመጣው። ስለዚህ ደብዳቤው እነዚህን ነገሮች በግልጽ ይበል፦ የሚፈለገው የተቋሙ ሪፖርት ሳይሆን ሙያዊ አስተያየታቸው መሆኑን፤ ስማቸውና የትምህርት ቤታቸው ስም እንደማይጻፍ፤ የሚወስደውን ሰዓት፤ ሰነዱ መጨረሻ ላይ ለማን እንደሚቀርብ። ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያለው አንድ ቅጂ ከእናንተ አይለይ፤ ትምህርት ቤት በር ላይ ያለው ጥበቃ ቀድሞ የሚጠይቀው እሱን ነው።

መቼና የት

መስከረም ምዝገባና ድልድል ነው፤ አይሆንም። የጥር መጀመሪያ ሳምንታት ወደ መንፈቀ ዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ይጠጋሉ፤ ከጥር 10 እስከ 12 ደግሞ ጎንደር የጥምቀት ናት፣ ለሌላ ነገር ቦታም ሰውም አይገኝም። ሰኔ የፈተና ነው። የሚያመቹት ከኅዳር አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ እና መጋቢት ናቸው። በኅዳር የትኛው መጽሐፍ እንደደረሰ፣ የትኛው መምህር እንደጎደለ ይታወቃል፤ ገና ትኩስ ነው። በመጋቢት ደግሞ የአንደኛው መንፈቅ ውጤት በሮስተር ላይ አለ።

ፈረቃ ያላቸው ትምህርት ቤቶች ርዕሰ መምህራን ከጠዋት እስከ ማታ አይላቀቁም። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት የተሻለ ነው፤ ሆኖም የ6ኛ፣ የ8ኛና የ12ኛ ማጠናከሪያ ትምህርት ያላቸው መኖራቸውን አስቀድማችሁ በስልክ ጠይቁ። አንድ ሰዓት ተኩል ያዙ፤ ከሁለት ሰዓት አይለፍ። ከከተማው ዳር የሚመጡት በቀን ብርሃን መመለስ አለባቸው። መንገዱ አስተማማኝ ካልሆነ አታስጠሯቸው፤ በስልክ ጠይቋቸው። በኢንተርኔት የሚሞላ ቅጽ ላይ መተማመን በእኛ አካባቢ ያለው አደጋ ከማንም የተሰወረ አይደለም፤ ወረቀትና የስልክ ጥሪ ይሻላሉ።

የመምሪያው አዳራሽ ለዚህ አይመችም። ከፊት መድረክ ያለበት ክፍል ውስጥ ሰው ሁሉ ንግግር ያደርጋል። የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ወይም የመምህራን ኮሌጁ አንድ ክፍል ይበቃል፤ ወንበሮቹን ክብ አድርጉ። ለሻይ የሚቀርበው ነገር ቀኑ የጾም ከሆነ የጾም ይሁን። ተራ ነገር ይመስላል፤ ግማሹ እንግዳ ሳይቀምስ የተቀመጠበት ዕረፍት ግን ጨዋታ አይፈጥርም፣ ከዕረፍቱ ጨዋታ ደግሞ ጥሩ ጥሩ ነገር ይገኛል።

ጥያቄዎቹ

የሥራው ክብደት እዚህ ላይ ነው። «አዲሱን ሥርዓተ ትምህርት እንዴት ያዩታል?» ብሎ የጠየቀ፣ መግቢያው ላይ የተጻፈውን መልስ ያገኛል። ጥያቄ ከሚጨበጥ ነገር ይጀምር፤ ወደ ፍርድ የሚሄደው ኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦

አንደኛ፣ ነገሩ። «ዘንድሮ በ7ኛ ክፍል መጽሐፉ ያልደረሰው የትኛው ትምህርት ነው? የደረሰውስ በየትኛው ወር ደረሰ?»

ሁለተኛ፣ ያስከተለው። «መጽሐፉ እስኪደርስ ክፍል ውስጥ ምን ይሠራ ነበር?» እዚህ ላይ ነው ሪፖርት ላይ የማይገኘው የሚወጣው። በቴሌግራም የሚዞረውን ፒዲኤፍ መምህሩ በስልኩ ከፍቶ ሰሌዳ ላይ ይገለብጣል፤ ተማሪው ከሰሌዳ ወደ ደብተር ይገለብጣል፤ የክፍለ ጊዜው ግማሽ በዚሁ ያልቃል። የሒሳብና የሳይንስ ሥዕሎች ከነጭራሹ ይዘለላሉ።

ሦስተኛ፣ ራሳቸው ያደረጉት። «እናንተስ ምን መላ ዘየዳችሁ?» ርዕሰ መምህራን ስለ ችግሩ ሲጠየቁ ይጠነቀቃሉ፤ ስለ መላው ሲጠየቁ ግን በኩራት ይናገራሉ፣ ችግሩም አብሮ ይወጣል።

አራተኛ፣ ፍርዳቸው። እዚህ ሁለት ጥያቄዎች ከሌላው ሁሉ ይበልጣሉ። አንዱ፦ «መመሪያውን እንዳለ፣ አንድም ቃል ሳትቀይሩ ብትፈጽሙት ትምህርት ቤታችሁ ውስጥ ምን ይበላሻል?» ርዕሰ መምህር በየቀኑ መመሪያውንና ግቢውን ሲያስታርቅ ነው የሚውለው፤ ይህ ጥያቄ ያንን ሥራ ያወጣዋል። ሁለተኛው፦ «ከለውጡ ውስጥ የትኛው ቢቀር ትከራከራላችሁ?» ይህ ካልተጠየቀ ሰነዱ የእሮሮ ዝርዝር ይሆናል፤ የበላይ አካልም «እነዚህ ለውጥ አይፈልጉም» ብሎ ለመዝጋት ይቀለዋል።

አምስተኛ፣ ባለቤቱ። «ይህን የሚቀይረው ማን ነው?» «ከላይ ነው የመጣው» ከተባለ «በየትኛው ደብዳቤ?» በሉ። አንዳንዴ ደብዳቤው የለም፤ ነገሩ በስብሰባ በቃል የተነገረ ነው፣ ወይም ሌላ ትምህርት ቤት ያደረገውን አይተው የጀመሩት ነው። ይህም ራሱ ትልቅ ግኝት ነው።

ጥያቄዎቹን ከቡድኑ ውጭ ባሉ ሁለት ርዕሰ መምህራን ላይ ሞክሯቸው። መልሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ካለቀ ጥያቄው ሰፊ ነው ማለት ነው፤ አጥብቡት።

ክፍሉ ውስጥ

አወያይ አንድ፣ ጸሐፊ ሁለት። ሁለት ጸሐፊ ቅንጦት አይደለም፤ አንዱ የሚባለውን በተባለበት ቃል ይጽፋል፣ ሌላው ቁጥሩን፣ ወሩን፣ የክፍሉን ደረጃና የተጠቀሰውን ሰነድ ብቻ ይይዛል። ድምፅ መቅዳት ባይኖር ይሻላል። ስልክ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰው ወዲያው የሪፖርት ቋንቋ ይናገራል፤ በአሁኑ ጊዜ ደግሞ የተቀዳ ድምፅ የት እንደሚደርስ ማንም ዋስትና አይሰጥም። ተናጋሪዎች በቁጥር ይመዝገቡ፦ 1፣ 2፣ 3። የቁጥሩና የስሙ ማዛመጃ በሌላ ወረቀት፣ በሌላ ሰው እጅ።

ሲጀመር ማንም አይናገር። ለእያንዳንዱ ሁለት ሩብ ወረቀት ስጡ፤ በአንዱ ከለውጡ የሠራለትን አንድ ነገር፣ በሌላው ያልሠራለትን አንድ ነገር ይጻፍ፤ ስም የለም። 10 ደቂቃ። ሰብስቡ፣ በውዙ፣ አወያዩ ያንብብ። ይህ ከሌለ መጀመሪያ የሚናገሩት በዕድሜም በአገልግሎትም የሚበልጡት ናቸው፤ ጋሼ ከተናገሩ በኋላ ደግሞ ከእሳቸው የተለየ ሐሳብ ማውጣት በእኛ ባህል ይከብዳል። ጽሑፉ ቀድሞ ጠረጴዛው ላይ ከዋለ ግን ሐሳቡ የማንም አይደለም፤ ታላቁም ታናሹም ይተቹታል።

ከዚያ ወዲያ የሚያጋጥሙት ነገሮች ይታወቃሉ።

ንግግር የሚከፍት ሰው አለ፦ «ትምህርት ቤታችን ከተመሠረተበት ጊዜ ጀምሮ…» አታቋርጡት፤ እስትንፋስ ሲወስድ «እሱን በ8ኛ ክፍል ላይ እንዴት አዩት?» ብላችሁ ወደ አንድ ክፍል አውርዱት።

«ይኼማ የታወቀ ነው» የሚል አለ። «እኔ እንደማላውቅ አድርገው ይንገሩኝ» በሉ። የታወቀ የሚባለው ነገር ሲተረክ ከሰው ሰው ይለያያል።

ወሬው ወደ ደመወዝና ኑሮ ይሄዳል፤ መሄዱም አያስደንቅም። «እሱ አጀንዳችን አይደለም» ማለት ክፍሉን ይዘጋዋል። ትልቅ ወረቀት ለጥፋችሁ «ከርዕሳችን ውጭ» በሉት፤ የተባለውን እዚያ ጻፉ፣ መጨረሻ ላይ 10 ደቂቃ ስጡት፤ በሰነዱም በአንድ አንቀጽ ይግባ። ደመወዙ በቀጥታ ለውጡን የሚነካ ከሆነ፣ ለምሳሌ መምህሩ የማጠናከሪያ ክፍለ ጊዜ ትቶ የግል ማስጠናት የሚሠራ ከሆነ፣ ያ ከርዕሱ ውጭ አይደለም።

ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት ይነሣል። መነሣቱ አይቀርም፤ የተዘጉ ትምህርት ቤቶች፣ ከገጠር ወደ ከተማ የመጡ ተማሪዎች፣ የጠበበ ክፍል፣ ሁሉም ከለውጡ ጋር የተያያዘ ነው። በትምህርት ቤቱ ላይ ያስከተለውን ጻፉ፤ ማን ምን አደረገ የሚለውን አትጻፉ። ይህን ከመጀመሩ በፊት በግልጽ ተናገሩ። የተናጋሪውም የጸሐፊውም ደኅንነት በዚህ ይጠበቃል፤ ሰነዱም ከትምህርት ጉዳይ አይወጣም።

የተባለውን ወደ ግኝት መቀየር

ውይይቱ በተካሄደበት ቀን ማታ፣ ቢዘገይ በማግሥቱ፣ ሁለቱ ጸሐፊዎችና አወያዩ ይቀመጡ። ሳምንት ካለፈ ቃሉ ይቀራል፣ ማለት የፈለገው ይጠፋል። አምስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ሥሩ፦ የተባለው፣ ስንት ሰው እንዳለው፣ ማስረጃው፣ መልስ ሰጪው አካል፣ የሚጠየቀው።

ማስረጃ የሚለው ዓምድ ብዙውን ጊዜ ባዶ ይቀራል፤ መቅረት ግን የለበትም። የመጽሐፍ መድረሻ ቀን ርዕሰ መምህሩ ከሚያስታውሰው ይልቅ ንብረት ክፍሉ በቆረጠው የዕቃ ገቢ ደረሰኝ፣ ሞዴል 19 ላይ አለ። ከላይ ወጪ የተደረገበት ሞዴል 22 ከተገኘ መዘግየቱ የት እንደሆነ ይለያል፤ መጋዘን ነው? መንገድ ላይ? ወይስ እዚያው ትምህርት ቤት መደርደሪያ ላይ? ሦስተኛው ሊሆንም ይችላል፤ ሲሆን ደግሞ ማንንም መክሰስ አያስፈልግም፣ ሰነዱ ውስጥ አለማስገባት ይበቃል። የመምህር ጉድለት በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ላይ ይታያል፤ ስንት ክፍለ ጊዜ ባለቤት እንደሌለው ቁጠሩ። «መምህር የለም» ከሚለው ይልቅ «የ8ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ሁለት ሴክሽን ከጥቅምት እስከ ጥር በሌላ ትምህርት መምህር ተሸፍኗል» የሚለው መልስ ያስገኛል።

የኢንስፔክሽን ቅሬታም እንዲሁ ነው። ትምህርት ቤቶች በ4 ደረጃ ይመደባሉ፤ ደረጃ 3 ለመግባት 70 በመቶ መድረስ ያስፈልጋል። ርዕሰ መምህራን «ደረጃችንን ያወረደው ከእጃችን ውጭ የሆነ ግብዓት ነው» ይላሉ። አስተያየቱን እንደ ሰማችሁ አትጻፉ፤ የኢንስፔክሽን ሪፖርቱን አስወጡ። ውጤቱ በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት ተከፍሎ ተቀምጧል። ግብዓቱ ዝቅ ብሎ ሂደቱ ከፍ ያለ ከሆነ አባባላቸው ይቆማል፤ ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት በርዕሰ መምህር ፊርማ አይገነቡምና። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ ያንን ለራሳቸው አሳይታችሁ ሐሳባቸውን እንደገና ጠይቁ።

አስቸጋሪው የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው፤ ሰፋ አድርገን እንየው። በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 የትምህርት ዘመን 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ነበሩ። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። እነዚህ ቁጥሮች የርዕሰ መምህሩን ስም በየወላጁ ስብሰባ ላይ ያነሣሉ፤ ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ስለ ፈተናው የሚባለው ነገር ቁጣም መከላከያም አለበት። አንድ ላይ ተደባልቆ የሚነገረውን በአራት ለዩት።

አንዱ፣ ኩረጃ ቆመ የሚለው ነው። ብዙዎቹ ይህን ይደግፋሉ፤ ድጋፉን በግልጽ ጻፉት። ሁለተኛው፣ ተማሪው ከቤቱ ወጥቶ ግቢ ውስጥ ማደሩ ስለሚፈጥረው ጫና ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለተመደበ የከተማ ልጅና ከገጠር ለሚመጣው አንድ አይደለም፤ ለይታችሁ ጠይቁ። ሦስተኛው፣ የ10ኛ ክፍል ፈተና ቀርቷል የሚለው ነው፤ ቀድሞ 10ኛ ላይ ወደ ሙያ ይሄድ የነበረው ተማሪ አሁን 12ኛ ድረስ ይመጣል፣ ስለዚህ የማለፍ መጠኑ የሚሰላበት ተማሪ ራሱ ተለውጧል። ይህ ጠንካራ ክርክር ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን በቁጣ መሀል ተውጦ ይቀራል። አራተኛው፣ ልጆቹ 9ኛ ሲገቡ ማንበብ አይችሉም የሚለው ነው። ይህን የሁለተኛ ደረጃ ርዕሰ መምህራን ሲሉት የአንደኛ ደረጃዎቹ ከክፍሉ ካሉ ይቆጣሉ፤ ቡድኖቹን የምትለዩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ማስረጃው ደግሞ ራሱ ትምህርት ቤቱ መስከረም ላይ ለ9ኛ ክፍል የሰጠው የመለያ ፈተና ነው። ካልሰጠ ለሚቀጥለው ዓመት ይስጥ፤ አንድ ገጽ ምንባብና አምስት ጥያቄ ይበቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የ2014ን ውጤት ከዚያ በፊት ከነበሩት ዓመታት ጋር አታወዳድሩ። የ2014 ተማሪዎች የተፈተኑት በ2015 መጀመሪያ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ነው፤ አፈታተኑ ተለውጧል። ከዚያ ወዲህ ያሉትንም ስታወዳድሩ ከመቶኛው አጠገብ የተፈታኙን ቁጥር ጻፉ። በግጭቱ ምክንያት የተፈታኙ ቁጥር ከዓመት ዓመት በጣም በሚለዋወጥበት አካባቢ መቶኛ ብቻውን ያሳስታል፤ 40 ተማሪ አስፈትኖ 4 ያሳለፈና 400 አስፈትኖ 40 ያሳለፈ ትምህርት ቤት ሠንጠረዡ ላይ እኩል ናቸው።

የእርከኑ ለውጥ ቀላል ነው፦ ግቢው አንድ ሆኖ 7ኛና 8ኛ «መካከለኛ ደረጃ» ሲባል በሥራ ላይ ምን እንደተቀየረ ጠይቁ። «ማኅተሙ ብቻ» ከተባለ እንደዚያው ጻፉት። የሙያ ፈቃድ ምዘና ላይ ደግሞ ከውጤቱ ይልቅ ካለፉ በኋላ ምን ተገኘ፣ ካላለፉስ ምን ድጋፍ መጣ የሚለው ይበልጣል።

ሰው እንዳይታወቅ

ስም አለመጻፍ ብቻውን አይበቃም። «በአዘዞ የምትሠራ፣ ለስድስት ዓመት የመራች ሴት ርዕሰ መምህር» ማለት ስሟን መጥራት ነው፤ መምሪያ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ከእነዚህ ከሁለት በላይ አብረው አይጻፉ፦ ጾታ፣ አካባቢ፣ የትምህርት ቤት ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመን። አባባል በጥቅስ ስታስገቡም የተናጋሪውን ልማድ የሚያሳይ ቃል ካለበት አስተካክሉና በእናንተ ቃል አስቀምጡት። አንድ ትምህርት ቤት ብቻ ያለውን ነገር፣ ለምሳሌ ልዩ ፍላጎት ማዕከል፣ መጥቀስም ያው ነው።

የተጠናቀረውን ሁለት ገጽ ለተሳታፊዎቹ መልሱና አምስት ቀን ስጧቸው፤ በወረቀት ቢሆን ይመረጣል። «ይህ ይውጣ» ያሉት ይውጣ፣ ምክንያት አትጠይቁ። «ይህ ይጨመር» ያሉት ግን እንደ አዲስ በማስረጃ ይፈተሽ።

ሰነዱና መንገዱ

አራት ገጽ። ከዚያ የረዘመውን ኃላፊ አያነብም፤ ለጸሐፊው «አሳጥረህ አምጣልኝ» ይለዋል፣ ጸሐፊው ሲያሳጥር ደግሞ «የግብዓት እጥረት አለ» ብሎ ያሳጥረዋል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚጠየቁት ነገሮች ብቻ ይሁኑ፤ ሦስት፣ ቢበዛ አራት፤ ከእያንዳንዱ ትይዩ መልስ ሰጪው አካል። ሁለተኛው ገጽ ርዕሰ መምህራን ከለውጡ እንዲቀጥል የሚፈልጉት፤ ሦስተኛው ከነማስረጃው ያልሠራው፤ አራተኛው የተለያዩበት። ተሳታፊዎች ያልተስማሙበት ነገር ካለ «በአብላጫ» ብላችሁ አትሸፍኑት። የመሀል ከተማና የጠዳ ርዕሰ መምህራን ስለ አንድ መመሪያ ተቃራኒ ሐሳብ ካላቸው፣ መመሪያው ሁለት ዓይነት ትምህርት ቤት እንደገጠመው ያሳያል፤ ለፖሊሲ አውጪ ከስምምነቱ ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል።

ሰነዱ በክፍለ ከተማው በኩል ለመምሪያው፣ በመምሪያው በኩል ለክልሉ ቢሮ ይሂድ። እርከኑን ዘሎ ባሕር ዳር የተላከ ወረቀት «ለሚመለከተው» ተብሎ ተመልሶ ጎንደር ይመጣል፤ የመጣበት መንገድም ጥሩ ስሜት አይፈጥርም። በግልባጭ ለእያንዳንዱ ተሳታፊ ትምህርት ቤት ወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት (ወተመህ) ማድረስ ግን ማንንም አያስቀይምም፤ ወላጆችም የርዕሰ መምህሩን ጭንቀት ከቁጥር ባለፈ ያዩታል።

በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ገንዘብ የሚነካ ጥያቄ ግንቦት ሳይገባ ካልደረሰ የዚያ ዓመት ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ገንዘብ የማይነካው፣ ለምሳሌ የድልድል ማስተካከያ ወይም የአንድ መመሪያ ማብራሪያ፣ በማንኛውም ጊዜ ሊሄድ ይችላል፤ ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ አትላኩ፣ ቀላሉ ከባዱን ሲጠብቅ ይከርማል። ዓመታዊው የትምህርት ጉባኤ ላይ የ10 ደቂቃ ጊዜ ከተገኘ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አቅርቡ፤ አቅራቢው ከተሳታፊዎቹ አንዱ ባይሆን ይሻላል።

ደብዳቤው ገቢ የሆነበትን የመዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ያዙ። በ30 ቀን መልስ ካልመጣ ቁጥሩን ጠቅሳችሁ በግማሽ ገጽ አስታውሱ። በቃል «እየታየ ነው» ከተባለ ማን እንዳለውና ቀኑን በሠንጠረዡ ላይ ስድስተኛ ዓምድ ጨምራችሁ ጻፉ፤ ለሚቀጥለው ኅዳር ውይይት የመጀመሪያው አጀንዳ ያ ዓምድ ነው።